ስለ ውሃ መበከል፤ ምክንያቱ፥ ዐይነቱና የሚያስከትለው ጉዳት

(በከተማው ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ለነዋሪዎችና ለመሥሪያ ቤት ኀላፊዎች የተደረገ ንግግር)



 የውሃ መበከል ጉዳይ ለሊቃውንትና ለሐኪሞች ብቻ የተተወ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን በየቀኑ ጄሪካን የምትሸከም እናት፥ በሬውን ወደ ወንዝ የሚነዳ ገበሬ፥ ቧንቧ የሚከፍት ሕፃን ሁሉም የጉዳዩ ባለቤቶች ናቸውና፥ በተቻለኝ መጠን ሁላችንም በምንግባባበት ቃል ለመናገር እሞክራለሁ።

ንግግሬን የምጀምረው ከዚህ አዳራሽ ርቆ ከሚገኝ አንድ ሰፈር ነው። በሱዳን ዋና ከተማ በከርቱም፥ በደቡብ ምሥራቅ በኩል፥ አርካዊት የሚባል ሰፈር አለ። ከኢትዮጵያውያን ወገኖቻችን ብዙዎች እንጀራ ፍለጋ ሄደው በዚያ ኖረዋል። እኔም ያደግሁት በዚያው ነው። አክስቴ በመንገድ ዳር ሻይና ቡና እየሸጠች አሳደገችኝ፤ በሚሲዮን ትምህርት ቤትም አስተማረችኝ። በየማለዳው የእኔ ሥራ በደጃችን የቆመውን ዚር መሙላት ነበር። ዚር ማለት ውሃ የሚያቀዘቅዝ ትልቅ የሸክላ ጋን ነው፤ ሱዳናውያን ለነፍሳቸው ብለው በየደጁ ያቆሙታል፥ መንገደኛም ማንም ሳይከለክለው ይጠጣበታል። በከርቱም ሐሩር ለተጠማ ሰው ውሃ መስጠት ከጽድቅ ሁሉ በላይ የሚቈጠር ጽድቅ ነው።

እንግዲህ ከዕለታት አንድ ቀን የግቢያችን የመጸዳጃ ጕድጓድ ሞላ። ከርቱም የቈሻሻ ማስወገጃ ቧንቧ የተዘረጋላት በጥቂቱ ክፍሏ ብቻ ነው፤ የቀረው ሕዝብ በጕድጓድ ይጠቀማል። ባለቤት የሆኑት ሰው ቆፋሪዎች አመጡና በአገሩ ቋንቋ ሲፎን የሚባለውን ጥልቅ ቀዳዳ አስቆፈሩ። ይህ ቀዳዳ ፍሳሹን ወደ ታች እየመጠጠ ከምድር በታች ወዳለው ውሃ ይሰድደዋል። ከአጥሩ ማዶ ዐሥራ ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ፥ ቧንቧ በጠፋ ቀን ሰፈሩ ሁሉ የሚቀዳበት የጎረቤት የውሃ ጕድጓድ ነበረ። ያን ቀን ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም። እኔ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ክፉው ሽታ ሊጠፋልን ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ ለቆፋሪዎቹም ሻይ ያቀረብሁ እኔ ነበርሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ የጎረቤቱ ውሃ ጣዕሙ ተለወጠ። ሰዎቹም ለመጠጥ ትተው ለልብስ ማጠቢያና ለዛፍ ማጠጫ አደረጉት። ቧንቧ ስለ ነበረ ጉዳቱ አልታወቀም፤ ነገሩም ተረሳ። እኔም አድጌ ወደ አገሬ ገባሁ። የቀረውን ታሪክ በንግግሬ መጨረሻ እመለስበታለሁ፤ ዛሬ ወደዚህ መድረክ ያመጣኝ እርሱ ነውና።

ውሃ ተበከለ የሚባለው መቼ ነው?

ውሃ ተበከለ የሚባለው ከተፈጥሮው ውጭ የሆነ ነገር ገብቶበት፥ ለመጠጥ፥ ለከብት፥ ለአዝመራ ወይም በውስጡ ለሚኖሩት ፍጥረታት የማይስማማ ሲሆን ነው። በዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶችን ማረም ይገባል። መዠመሪያው፥ የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት ነው። የኮሌራ ተሕዋስ በዐይን አይታይም፤ በብርጭቆ ውስጥ እንደ መስተዋት የጠራ ውሃ ሰውን በአንድ ቀን ሊገድል ይችላል። ሁለተኛው፥ ወንዝ የሚፈስስ ስለ ሆነ ራሱን ያነጻል ማለት ነው። ወንዝ ጥቂት ቈሻሻ ሲገባበት በአየርና በፀሓይ ኀይል ያሸንፈው ይሆናል፤ ብዙ ሲሆን ግን እርሱ ይሸነፋል፥ ያሸነፈውንም ነገር ተሸክሞ ወደ ታችኛው መንደር ይወስደዋል።

የተበከለው ውሃ በምድር ላይ የሚታይ ወንዝና ሐይቅ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከምድር በታች የተሰወረ የጕድጓድ ውሃ ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ ይልቅ የሚያስፈራው የተሰወረው ነው። ወንዝ ሲበከል ቀለሙና ሽታው ይመሰክርበታል፥ ክረምትም ሲመጣ ይታጠባል። የምድር ውስጥ ውሃ ግን በጣም በዝግታ ስለሚሄድ አንድ ጊዜ ከተበላሸ ለብዙ ዓመታት ሳይጠራ ይኖራል።

የመበከል ምክንያቶች

አንደኛውና በአገራችን ብዙ ሰው የሚጎዳው፥ የሰውና የእንስሳ ዐይነ ምድር ነው። ከዚህ ኮሌራ፥ የአንጀት ተስቦ፥ የደም ተቅማጥና የጉበት በሽታ ይመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1854 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ኮሌራ ሲገባ ሕዝቡ በሽታው በክፉ አየር የሚመጣ ይመስለው ነበር። ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም የሞቱትን ሰዎች ቤት አንድ በአንድ ቢመረምር፥ አብዛኞቹ በብሮድ መንገድ ካለው አንድ የውሃ መቅጃ የጠጡ ሆነው አገኘ። ከመቅጃው አጠገብም የቈሻሻ ጕድጓድ ነበረ። ሊቁ የተሕዋሱን መልክ ባያይም፥ የመቅጃው እጀታ እንዲነቀል አስደረገ። እናንተም እንደምታስተውሉት፥ የሎንዶኑ ጕድጓድና የአርካዊቱ ጕድጓድ ታሪክ አንድ ነው፤ ልዩነታቸው የዘመን ብቻ ነው።

ይህ በሽታ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1858 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በጣና ዳር በቆራጣ ሰፍረው ሳሉ ኮሌራ በሰፈሩ ስለ ገባ፥ ንጉሡ ሠራዊታቸውን አስነሥተው ወደ ደጋ ወጥተዋል። በቅርቡም በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቋራ ወረዳ በበርሜል ጊዮርጊስ ጠበል የተሰበሰበው ብዙ ምእመን በዚሁ በሽታ ተጎድቷል። ይህን ስናገር ጠበሉን ለመንቀፍ እንዳይደለ ይታወቅልኝ። ብዙ ሕዝብ በአንድ ስፍራ ሲሰበሰብ መጸዳጃ ካልተዘጋጀለት፥ ቦታው ቅዱስ ቢሆን እንኳ ዐይነ ምድር ወደ ውሃ መውረዱ አይቀርም። በዚያው ጊዜ በመተማ ወረዳ በኩመር ሰፍረው በነበሩት የሱዳን ስደተኞች ላይም ኮሌራ ደርሷል።

ሁለተኛው ምክንያት የፋብሪካ ፍሳሽ ነው። ቆዳ ፋብሪካ ቆዳውን ለማልፋት ክሮም የሚባል ማዕድን ይጠቀማል፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቀለምና ሶዳ ያፈስሳል። በአዲስ አበባ ትንሹና ትልቁ አቃቂ፥ በኦሮሚያ የሞጆ ወንዝ፥ በክልላችንም በኮምቦልቻ የሚወርዱት ወርቃና ለዮሌ ወንዞች የዚህ ምሳሌዎች ናቸው። ከወንዙ በታች ያለው ገበሬ በዚያው ውሃ ጎመንና ሰላጣ ያለማል፤ አትክልቱም ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይገባል። ስለዚህ የከተማ ሰው ትናንት ያፈሰሰውን ዛሬ በሳሕኑ ላይ ያገኘዋል። የፋብሪካ መርዝ እንደ ኮሌራ በአንድ ቀን አይገድልም፤ በሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጠራቀማል። እ.ኤ.አ. በ1956 ዓ.ም. በጃፓን አገር በሚናማታ ከተማ የታወቀው በሽታ አንድ ፋብሪካ ወደ ባሕር ባፈሰሰው ባዜቃ ምክንያት የመጣ ነበር። ባዜቃው ወደ ዓሣ፥ ከዓሣውም ወደ ሰው አለፈ፤ እናቶች ሳይታመሙ የወለዷቸው ሕፃናት እንኳ በማሕፀን ሳሉ የተጎዱ ነበሩ።

ሦስተኛው ከእርሻ የሚመጣው ነው። በዝናብ ታጥቦ ወደ ሐይቅ የሚገባ ማዳበሪያ አረምን ይቀልባል። በጣና ሐይቅ ላይ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጎልቶ የታየው እምቦጭ የተስፋፋው ከልዩ ልዩ ምክንያቶች ጋራ በዚህ ቅልብ ጭምር ነው። እምቦጭ ውሃውን ሸፍኖ ፀሓይና አየር ይከለክላል፤ ዓሣ አጥማጁም ታንኳውን የሚያሳልፍበት መንገድ ያጣል። በእኛ ቈላ አገር ደግሞ ሰሊጥና ጥጥ ስለሚበዛ የተባይ መድኃኒት ብዙ ይረጫል። የመድኃኒቱን ዕቃ በወንዝ የሚያጥብ፥ ባዶውንም ጄሪካን ለመጠጥ ውሃ የሚያውል ሰው አለ። ይህ በገዛ እጅ መርዝ እንደ መጠጣት ያህል ነው።

አራተኛው ደለል ነው። ሱዳናውያን የዓባይን የሙላት ወራት ደሚራ ይሉታል። በዚያ ወራት ወንዙ እንደ ቡና አተላ ጠቍሮ ከርቱም ይደርሳል፤ የሚጠቍረውም ከጎጃም፥ ከጎንደርና ከወሎ ተራሮች በተጠረገ አፈር ነው። ደለል ብቻውን መርዝ አይደለም፤ ነገር ግን የውሃ ማጣሪያውን ያንቃል፥ ክሎሪኑንም ያደክማል፥ ተሕዋስያንንም ይሸሽጋል። በዓባይ ዳር የሚኖሩ የሱዳን ሴቶች የደፈረሰውን ውሃ የሽፈራው ወገን በሆነ ዛፍ ፍሬ እያጠለሉ ይጠጡ ነበር፤ ይህም የሚደነቅ ጥበብ ነው። ቢሆንም የጠለለ ውሃ ሁሉ ተሕዋስ የሞተበት አይደለምና ከዚያ በኋላ ማፍላት ወይም ክሎሪን መጨመር ያስፈልጋል።

አምስተኛው የከተማ ጥራጊ ነው፤ ይኸውም የጋራዥ ዘይት፥ የቄራ ደም፥ ፌስታልና የላስቲክ ጠርሙስ ነው። በመጨረሻም ሰው ያላመጣው መበከል አለ። በስምጥ ሸለቆ በብዙ ስፍራ ውሃው ከዐለቱ ፍሎራይድ ስለሚቀበል የሕፃናት ጥርስ ይቡንናል፤ ሲበዛም አጥንት ያጣምማል። ይህ ውሃ በጣዕም አይታወቅምና ሳይመረመር ጕድጓድ መቆፈር እንደማይገባ ያስተምረናል።

የሚያስከትለው ጉዳት

ስለ በሽታው ከተናገርሁት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ኮሌራ ሰውን የሚገድለው ከሰውነቱ ውሃና ጨው አሟጥጦ ነው። ስለዚህ የመዠመሪያው መድኃኒት የጠፋውን መመለስ ነው። የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ፓኬት ከሌለ፥ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ደጋግሞ ማጠጣት፥ በሽተኛውንም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ይገባል። በሽታው እንዳያሳፍር ስሙን መደበቅ ግን አይጠቅምም። በስሙ ያልተጠራ በሽታ በጊዜው መድኃኒት አያገኝም።

ከዚህም ሌላ፥ ከመጸዳጃ ጕድጓድ ወደ ውሃ የሚሰርግ ናይትሬት የሚባል ነገር አለ። ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን በዚህ ውሃ የተበጠበጠ ወተት ቢጠጣ ደሙ አየር መሸከም ያቅተዋል፤ ከንፈሩም ይጠቍራል። ናይትሬት በማፍላት አይጠፋም፤ ውሃው በተን ቍጥር እንዲያውም ይጠነክራል። ስለዚህ «አፍልተን እንጠጣዋለን» ብሎ ጕድጓድን ማቈሸሽ ከንቱ ተስፋ ነው።

ጉዳቱ በበሽታ ብቻ አያበቃም። ልጅ ሲታመም ትምህርቱ ይቀራል፤ እናት ስታስታምም ሥራዋ ይፈታል፤ ማዘጋጃ ቤቱም ለመንገድ የመደበውን ገንዘብ ለመድኃኒት ያውለዋል። በጎረቤት መካከልም ጠብ ይነሣል። የእኛ ወንዞች ደግሞ ድንበር ተሻጋሪዎች ናቸው። ጓንግ በሱዳን አትባራ ይባላል፤ ሽንፋም ራሃድ ተብሎ ይፈስሳል። ከዚህ የጣልነውን እነርሱ ይጠጡታል።

የአርካዊት ፍጻሜ

አሁን ወደ ጀመርሁት ታሪክ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. ክረምት ዓባይ በከርቱም ከ17 ሜትር ተኩል በላይ ወጣ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ከፍታ ተመዝግቦ አያውቅም። በዳር ያሉት ሰፈሮች ሲጥለቀለቁ የመጸዳጃው ጕድጓድና የጎርፉ ውሃ አንድ ሆኑ። ይህ ለብዙ ሰው ማስጠንቀቂያ ነበረ፤ ውሃው ሲጎድል ግን ማስጠንቀቂያውም ተረሳ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በከርቱም ጦርነት ተነሣ። በመዠመሪያዎቹ ቀኖች በከርቱም ባሕሪ ያለው ትልቁ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ሥራውን አቆመ። መብራትም ጠፋ። አክስቴ እንደ ነገረችኝ፥ በሰፈራችን ቧንቧው ደረቀ፤ ወደ ዓባይ ለመውረድም በመንገድ ላይ ጥይት ነበረ። ያን ጊዜ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያን የተረሳ የጎረቤት ጕድጓድ አስታወሰ። ሌላ ምርጫ ስለሌለ ጠጡት። ለማፍላት ጋዝ አልነበረም፤ ክሎሪንም የሚሸጥ ሱቅ አልተከፈተም። በአንድ ሳምንት ውስጥ ተቅማጥ በየቤቱ ገባ። ከፊት ለፊታችን ካለው ግቢ ሁለት ሕፃናት ተቀበሩ፤ ስማቸውንም ዐውቀዋለሁ፥ በአክስቴ ሻይ ቤት ስኳር እየለመኑ ያደጉ ነበሩ። አክስቴ በገላባት በኩል ወደ መተማ ስትሻገር በእጇ የያዘችው አንድ ባዶ ጄሪካን ብቻ ነበረ። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለውን ተረት ከሕፃንነቴ ጀምሮ እሰማው ነበር፤ ትርጕሙ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

በከርቱም መከራው በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በሱዳን ኮሌራ መግባቱ በይፋ ተነገረ። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓ.ም. ግንቦት ወር ደግሞ የመብራት ኀይል ጣቢያዎች በድሮን ስለ ተመቱ የውሃ መሳቢያዎቹ ቆሙ፤ የሱዳን ጤና ሚኒስቴር በአንድ ሳምንት ከ2,500 በላይ ሰዎች ታመው 172 እንደ ሞቱ፥ ከታመሙትም አብዛኞቹ በከርቱም ግዛት እንደ ነበሩ አስታወቀ። ጥይት ካልገደላቸው ሰዎች ብዙዎቹን የገደላቸው ውሃ ነበረ።

ጦርነቱን እኛ ዜጎች አላመጣነውም ይሉ ይሆናል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ጦርነቱ ባይመጣም ያ ጕድጓድ ተበክሎ ነበር። ጦርነቱ ያደረገው፥ በጥጋብ ዘመን የበከልነውን በመከራ ዘመን እንድንጠጣው ማስገደድ ነው። ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ከንግግሬ ሁሉ ይህን አንድ ነገር ይዛችሁልኝ እንድትሄዱ እለምናችኋለሁ።

በከተማችን ምን ይደረግ?

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ቧንቧ ወደ ከተማችን ከገባ ወዲህ አሮጌዎቹ የእጅ ጕድጓዶቻችን ተንቀዋል። ዐሥር ሃያ ሜትር ተደክሞባቸው የተቆፈሩትን እነዚህን ጕድጓዶች አንዳንዱ የጥራጊ መጣያ አድርጓቸዋል። ከዚህም የባሰ፥ አዲስ ጕድጓድ የመቆፈር ወጪ ለማዳን ሲባል ወደ መጸዳጃ ጕድጓድነት እንዲለወጡ ማመልከቻ ያቀረቡ አሉ። ነገሩ ቍጠባ ይመስላል፤ እኔም የአርካዊትን ባላይ ኖሮ ሊያሳምነኝ ይችል ነበር። ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፥ ማዘጋጃ ቤቱ የተቆፈረ የውሃ ጕድጓድ ሁሉ ወደ መጸዳጃነት እንዳይለወጥ ይከልክል። ጕድጓዶቹ ተቈጥረው ይመዝገቡ፤ አፋቸው በሲሚንቶ ይከበብ፤ ክዳን ይደረግላቸው፤ ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ ከክረምት በፊትና ከክረምት በኋላ፥ ይመርመሩ። ቧንቧ የጠፋ ቀን ተስፋችን እነርሱ ናቸው።

ሁለተኛ፥ አዲስ መጸዳጃ ሲቆፈር ከማናቸውም ጕድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ የታችኛውም ወለል ከምድር ውስጥ ውሃ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ይበል። ዐለቱ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ርቀቱ ይጨመር። በጠባብ ግቢ ይህ የማይቻል ከሆነ ጎረቤታሞች በአንድነት የሚጠቀሙበትን መጸዳጃ ማዘጋጃ ቤቱ ቦታ ሰጥቶ ያሠራ። ደኻውን ከልክሎ መፍትሔ አለመስጠት ሕጉን በጨለማ እንዲጥስ መጋበዝ ነው።

ሦስተኛ፥ የቄራው፥ የጋራዡና የልብስ ማጠቢያው ፍሳሽ ወደ ወንዝ እንዳይገባ ሕጉ ይፈጸም። የሕግ ጕድለት የለብንም። የሕገ መንግሥቱ 44ኛ አንቀጽ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ለሁሉም ሰጥቷል፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር ዐዋጅ ቍጥር 300ም የበከለ ሰው ያጸዳ ዘንድ ያስገድዳል። ነገር ግን ዐዋጅ በመዝገብ ቤት ተቀምጦ ውሃ አያጠራም፤ የሚያስፈጽመው እዚህ የተቀመጥነው የመንግሥት ሠራተኞች ነን። በዚህ በኩል የሚታየው ጕድለት የእኔም እንደ ሆነ ሳላምን አላልፍም።

ለየቤተ ሰቡ ደግሞ የሚቀረው ቀላል ነገር ነው። የመጠጥ ውሃ በሚከደን ዕቃ ይቀመጥ፤ በመጥለቂያ ይቀዳ እንጂ እጅ አይንከርበት። የደፈረሰ ውሃ አስቀድሞ ይጠለል፤ ከዚያ ክሎሪን ተጨምሮበት ሠላሳ ደቂቃ ይቈይ፥ ወይም ይፈላ። ከመጸዳጃ መልስና ምግብ ከመንካት በፊት እጅ በሳሙና ይታጠብ።

ክቡራንና ክቡራት፤ አክስቴ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ከኋላ ተቀምጣለች። ወደዚህ ከተማ በመጣች ጊዜ መዠመሪያ የጠየቀችኝ «ቤቱ ስንት ክፍል አለው?» ብላ አይደለም፤ «ጕድጓዱ ከመጸዳጃው ስንት እርምጃ ይርቃል?» ብላ ነው። አብረን ሄደን ለካነው። ሃያ ሁለት እርምጃ ሆነ። አይበቃምና መጸዳጃውን ደፍነን ወደ ግቢው ጫፍ አዛወርነው፤ ወጪው የሁለት ወር ደመወዜን ወሰደ፥ ነገር ግን አልቈጨኝም። እናንተም ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ እርምጃችሁን እንድትቈጥሩ እለምናችኋለሁ። ክረምቱ ሳይገባ ይህን ብናደርግ፥ ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለው ይሆንልናል።

 እግዚአብሔር አገራችንንና ጎረቤቶቻችንን ይጠብቅልን።